ከነፋሱ ወገን የቆሙት ክራይን ሚንደርሃውድ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ በዚህች በኦውደዳይክ ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰባችሁ ዘመድ ወዳጆችና ጎረቤቶች፣ ከየመንደሩ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች፤ አሁን የሚነበብላችሁ በፊታችሁ በዚህ ሣጥን ያረፉት፣ የዚህ መንደር የእሳት አደጋ አለቃ የነበሩት የአቶ ክራይን ሚንደርሃውድ ዜና ሕይወት ነው። የምታነበው ታናሽ እኅታቸው ኔልቸ ስትሆን፣ ሟች በሕይወት ሳሉ «ስታነቢ አታሳምሪ፣ አታልቅሺ፣ ደግሞም ቶሎ ጨርሺ፤ ሰው ቡናው ይቀዘቅዝበታል» ብለው ስላዘዟት፣ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን ለመፈጸም ትሞክራለች።

አቶ ክራይን ባሕሩን ከመሬታችን የሚያግደው ግድብ ጠባቂ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ዮብ ሚንደርሃውድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፒተርኔላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ዋዜማ፣ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለችው ጣሪያዋ ዝቅ ባለ ቤት ተወለዱ። ከሦስት ልጆች መካከለኛው እርሳቸው ነበሩ፤ ታላቃቸው ማሪኑስ ሲሆኑ የመጨረሻዋ ኔልቸ ናት። ማሪኑስ ገና በልጅነታቸው ቦይ ባዩ ቁጥር ተንደርድረው የሚዘሉ፣ ክራይን ግን ከመዝለላቸው በፊት ጥልቀቱን በዱላ የሚለኩ ስለነበሩ፣ እናታቸው ስለ ልጆቻቸው ጎረቤት በጠየቃቸው ጊዜ «አንዱ ሱሪ ይጨርስብኛል፣ አንዱ ትዕግሥት» ይሉ ነበር።

አቶ ክራይን ገና ትንሽ ልጅ ሳሉ ባሕሩ ግድቡን ጥሶ ወደ ምድራችን በገባ ጊዜ፣ አባታቸው ሦስቱንም ልጆች በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ነፋሱ ሰው ከሚጥልበት ከግድቡ ጫፍ ላይ አወጧቸው። ከጎረቤቶቻቸው መካከል ከነፋሱ እንጠለል ብለው በግድቡ ሥር ከከለላው የቀሩ ነበሩና፣ ሌላ ቦታ ጥሶ የገባው ውኃ በጀርባ በኩል መጥቶ ወሰዳቸው። አቶ ዮብ ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ ልጆቻቸውን «ብርድ ያስነጥሳል፣ የሚገድለው ዝቅታ ነው» እያሉ አሳደጉ፤ ማሪኑስና ኔልቸ ይህን ቃል በአንድ ጆሯቸው ሰምተው በሌላው ሲያፈሱት፣ ክራይን ግን አስቀመጡት።

ትምህርታቸውን በመንደሩ ትምህርት ቤት ጀምረው፣ በከተማው የሙያ ትምህርት ቤት የግንባታና የውኃ ሥራ ተምረው እንዳጠናቀቁ፣ የአባታቸውን ፈለግ ተከትለው በአካባቢው የውኃ አስተዳደር ተቀጠሩ፤ ሥራቸውም ግድቡን መጠበቅ፣ ቦዮቹን ማስጠረግና ከባሕር በታች የተኛው መሬታችን እንዳይዋጥ ሳያቋርጥ ውኃ የሚስበውን ፓምፕ መከታተል ነበር። ውኃ ከየት ተነሥቶ፣ በየትኛው ቦይና በየትኛው ቱቦ አልፎ፣ የት እንደሚደርስ ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር፣ የመንደሩ ልጆች ኳሳቸው ቦይ ሲገባባቸው ከመፈለግ ይልቅ የት እንደሚወጣ እርሳቸውን መጠየቅ ይቀናቸው ነበር።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሉንቸ ጋር የተዋወቁት ቦዮቹ በረዶ ሆነው መንደሩ ሁሉ በላያቸው በሚንሸራተትበት በአንዱ ክረምት ነው። እርሳቸው በረዶው ሰው ይሸከም እንደሆነ በዘንግ እየመቱ ድምፁን ሲያዳምጡ፣ ወይዘሮ ሉንቸ «ምነው፣ በር እያንኳኳህ ነው? ማን እንዲከፍትልህ ነው?» ብለው እየሳቁ አለፏቸውና፣ ከድልድዩ ሥር ሲደርሱ በረዶው ተሰብሮ እስከ ወገባቸው ገቡ። ክራይን ወደ እርሳቸው አልሮጡም፤ በሆዳቸው ተኝተው ዘንጉን ዘረጉላቸው። ወይዘሮ ሉንቸ ይህን ሲያወሩ እስከ ዛሬ ድረስ «ሌላ ጎረምሳ ቢሆን ሮጦ መጥቶ እላዬ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ይሄኛውን ባገባ ቢያንስ አንዳችን ደረቅ እንሆናለን ብዬ ነው» ይላሉ። ተጋብተውም ዲናና ያና የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

በዚህ መንደር ወግ የአንድ ቤት ወንድሞች አብረው በእሳት አደጋ ይመዘገባሉና፣ ማሪኑስና ክራይንም ሳይረኑ በጮኸ ቁጥር የያዙትን ጥለው ከሚሮጡት በጎ ፈቃደኞች መካከል ሆኑ፤ አለቃቸው ዳቦ ጋጋሪው አቶ ባስቲያን ነበሩ። እንግዲህ የአቶ ክራይንን ሕይወት ለሁለት የከፈለው ቀን የመጣው በዚያ ዘመን ነውና፣ ብዙዎቻችሁ ብታውቁትም፣ በልዩ ልዩ መንገድ ስለተወራ፣ እንደ ሆነው ይነገር።

ቅዳሜ ነበር፤ ሁላችንም እንደ ልማዳችን ደጃፋችንን በሳሙና እያጠብን ሳለን ሳይረኑ ጮኸ። ለቀለም ፋብሪካ የሚሄድ ማሟሚያ ፈሳሽ የጫነ ጀልባ በትንሿ ወደባችን ታስሮ፣ በሆዱ ውስጥ ያለው ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀምሮ ነበርና፣ የጀልባው ሠራተኛ ሊዘጋው ወርዶ አልተመለሰም። የዚያ ፈሳሽ ትነት ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከታችም ይተኛል፤ በዚያ የገባ ሰው ሁለት ሦስቴ ተንፍሶ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ብረት ከብረት ተፋጭቶ አንዲት ፍንጣሪ ብትወጣ ደግሞ ጀልባው በሙሉ እሳት ነው። ዛሬ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያን ቀን የሚያውቅ አልነበረም። ማሪኑስ የሳሙና እጃቸውን እንኳ ሳያደርቁ፣ «ሰውየው እዚህ ሥር ነው፣ ይታየኛል!» ብለው በመሰላሉ ወረዱ። ታዩ፣ ሰውየውን በብብቱ ሲይዙት ታዩ፣ ከዚያም በቀስታ ከጎኑ ሲተኙ ታዩ።

ክራይን ቀጥለው ወደ መሰላሉ ዘለሉ። ይህንን ያየ ሰው ዛሬም በዚህ አለ። በዕድሜ ልካቸው ሳይለኩ የዘለሉት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አቶ ባስቲያን ግን አንገትጌያቸውን ይዘው ወደ ኋላ ጣሏቸውና፣ ክብደታቸው ሁለት ጆንያ ዱቄት የሚያህል ሰው ስለነበሩ፣ ደረታቸው ላይ ተቀመጡባቸው።

«አለቃ፣ ይልቀቁኝ! ወንድሜ ነው!»

«ወንድምህ መሆኑን መች አጣሁት! ለዚህ እኮ ነው የማልለቅህ። ሁለት ሰው ገብቷል፤ ሦስተኛ አልሰጥም!»

የመተንፈሻ ጭምብል ያላቸው የከተማው ሰዎች እስኪደርሱ ድረስ አቶ ባስቲያን አልተነሡም፤ በዚያን ጊዜም ከጀልባው የወጡት ሁለት ሬሳዎች ነበሩ። ማሪኑስ ነፍሰ ጡር ሚስት ትተው በዚህ ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ተቀበሩ፤ መንደሩም በግድቡ ላይ በስማቸው አግዳሚ ወንበር አሠራላቸው፤ ይገባቸዋልም። ክራይን ግን በዚያን ቀን ወደ ቤት ሲገቡ፣ እናታቸው ከምድጃው አጠገብ እንደ ቆሙ ዞር ብለው አዩአቸውና «አንተስ? አንተስ የት ነበርክ?» አሏቸው። እናታቸውም ደግመው አልጠየቁም፤ ጥያቄው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በማዕዱ አብሮ ይቀመጥ ነበር። ወይዘሮ ፒተርኔላ፣ ማሪኑስ ይወዱት የነበረውን ቀረፋና ቡናማ ስኳር የሚንጠባጠብበትን ቦሉስ የሚባለውን ጥቅል ዳቦ መጋገር ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ተዉ።

መንደራችን ቅጽል ስም ለማውጣት የሚቀድመው የለምና፣ ከመጠጥ ቤቱ «ሦስተኛው» የሚል ስም ወጣላቸው። አንዳንዱ በፍቅር ነበር የሚጠራቸው፤ ቤት ሲቆጠር ግን ብዙው በፍቅር አልነበረም። ሦስተኛ ሆኖ መግባት ሲገባው የቀረ፣ ወንድሙ ሮጦ እርሱ የቆመ ማለት ነበር። አቶ ክራይን ስሙን አልካዱም፣ አልተቆጡበትም፤ ስልክ ሲደውሉ እንኳ «ማን ልበል?» ሲባሉ «ሦስተኛው ነኝ» ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ ሌሊት ሌሊት በግድቡ ላይ ብቻቸውን ይራመዱ እንደነበር ወይዘሮ ሉንቸ ያውቃሉ፣ እኅታቸውም ታውቃለች፤ ውስጣቸው ይደማ ነበር።

አቶ ባስቲያን በዕድሜ ሲገፉ የአለቅነቱን ቦታ ለአቶ ክራይን እንዲሰጥ አደረጉ፤ ያጉረመረመ ብዙ ነበር፣ ሌላ ፈቃደኛ ግን አልተገኘም። አዲሱ አለቃ ያመጡትም ሥርዓት ለመንደሩ ዓመታት የፈጀ ሳቅ ሆነ። መርዛማና ተቀጣጣይ ፈሳሽ ፈሰሰ የተባለበት ቦታ ሲደርሱ መኪናውን ከሩቅ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን፣ ከፍ ካለው መሬት ላይ አስቁመው፣ ሞተር አስጠፍተው፣ ሲጋራና ፒፓ አስጥለው፣ የፈሳሹን ማንነት የጭነቱ መለያ ቁጥር ከተጻፈበት ከተሽከርካሪው ብርቱካንማ ሰሌዳ ላይ በርቀት መነጽር አንብበው፣ አንዱን ሰው ቦዩን በአሸዋ እንዲያስገድብ፣ ሌላውን ፈሳሹ ወደ ሌላ ቦይ እንዳይሳብ ፓምፑን እንዲያስቆም ልከው፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር ማን በምን ጭምብልና በየት በኩል እንደሚቀርብ የሚያዝዙት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሲያዩት መቆም ይመስላል።

በተለይ ያስቸገራቸው የኛው የገዛ ልማዳችን ነው። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ነፋስ ሲነፍስ እግራችን ሳናዝዘው ወደ ግድቡ ሥር፣ ወደ ከለላው ይወስደናል፤ ለወሬ የምንቆመው እዚያ፣ ፒፓ የምንለኩሰው እዚያ፣ እሳት የምናየውም እዚያ ሆነን ነው። አቶ ክራይን ደግሞ የግድቡን ነገር ከአባታቸው፣ የጀልባውን ነገር ከወንድማቸው ሬሳ ተምረው፣ ነፋስ የማይደርስበት ዝቅታ መርዝ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ መሆኑን ስላወቁ፣ በየወሩ ልምምድ ሰዎቻቸውን ሁሉ ከግድቡ ጫፍ ላይ፣ ጀርባቸውን ለነፋሱ አሰጥተው ያቆሟቸው ነበር። አንድ ቀን ነፋሱ ኮፍያቸውን ነጥቆባቸው ወደ ጎረቤት አገር ድንበር ሲሄድ ከሥር የነበሩት «አለቃ፣ ኮፍያዎ ቤልጅግ ገባ! ፓስፖርት ይዟል?» ብለው ቢያላግጡ፣ እርሳቸው «ኮፍያ ይገዛል» ብለው ልምምዱን ቀጠሉ።

ሌላው መሳለቂያ ከእሳት አደጋ መኪናው ጎን ምንጊዜም ታስሮ የሚታየው ረጅም እጀታ ያለው የገለባ መጥረጊያ ነበር። ሴቶቹ ከየደጃፉ «ክራይን፣ እሳቱን ልታጠፋው ነው ወይስ ልትጠርገው?» ይሏቸዋል። እርሳቸውም «መጀመሪያ ላየው» ይሉ ነበር። ሜታኖል የሚባለው አልኮል በፀሐይ ብርሃን ሲነድ ነበልባሉ ለዓይን እንደማይታይና፣ ገለባ ወደ ፊት ዘርግቶ የሚሄድ ሰው እግሩ ከመግባቱ በፊት ገለባው እንደሚነግረው ለሰዎቻቸው ደጋግመው አስተምረዋል፤ የማይታይ እሳት ግን ለማመን ይከብዳልና ሰዉ መሳቁን አልተወም።

ሁሉም ሲስቅ የማይስቅ አንድ ሰው ነበር፤ ይኸውም ከአባቱ ሞት በኋላ የተወለደው የማሪኑስ ልጅ ኢዛክ ነው። አቶ ክራይን ሳይክል አስተምረውታል፣ ዋና አስተምረውታል፣ በትምህርት ቤቱ በዓል ሁሉ በአባት ቦታ ቆመውለታል። ልጁ ግን ባደገ ቁጥር ከመጠጥ ቤቱ የሰማው እየከበደው ሄደ። በእሳት አደጋ በተመዘገበበት ሰሞን፣ በአያቱ ልደት ቀን፣ ሁላችን ባለንበት በማዕድ ላይ «አጎቴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አባቴ ሮጠ። አንተ ቆምክ። እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ አሳያችኋለሁ» አለ። አቶ ክራይን «ልክ ነህ፤ ቆሜያለሁ» አሉና ድንቹን አቀበሉት። ወይዘሮ ፒተርኔላ ምንም አላሉም፤ ይህ ዝምታቸው ከልጁ ንግግር ይልቅ አቶ ክራይንን እንደ ጎዳቸው እኅታቸው ከጎናቸው ተቀምጣ አይታለች።

ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ፀሐይ ደምቃ በወጣችበትና ከባሕሩ ብርቱ ነፋስ በሚነፍስበት በአንድ የጸደይ ረፋድ፣ ሜታኖል የጫነ ቦቴ በግድቡ ላይ ካለው መንገድ መታጠፊያ ተገልብጦ ወደ መስኩ ተንሸራተተ። ሹፌሩ፣ ቤልጅጋዊው አቶ ሊቨን፣ እግራቸው በመሪው ሥር ተይዞ፣ በተሰበረው መስኮት እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር። እሳት አይታይም፣ ጭስ አይታይም፤ ከግድቡ ቁልቁለት እስከ ቦቴው ድረስ ያለው ሣር ብቻ ነበር። መንደርተኛው እንደ ልማዱ ከግድቡ ሥር፣ ከከለላው ተሰብስቦ ነበርና፣ አቶ ክራይን ሲደርሱ የመጀመሪያ ትእዛዛቸው «ሁላችሁም ወደ ላይ! ወደ ነፋሱ ውጡ!» የሚል ሆነ። ሰዉ እየተነጫነጨ ወጣ፤ «ሰው እየሞተ ይሄ ሰውዬ ስለ ነፋስ ያወራል» ያሉ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ቆመውበት የነበረው፣ ከግድቡ ሥር ያለው የቦዩ ዳር፣ ፈሳሹ ወዲያው ደርሶበት ነበር፤ በማግስቱ ስናየው ሣሩ እስከ ሥሩ ተቃጥሎ ከሰል ሆኗል።

አቶ ክራይን ሰሌዳውን በርቀት መነጽር አነበቡ፤ ፓምፑን የሚያስቆም ሰው ላኩ፤ አልኮል የማያፈርሰውን የእሳት ማጥፊያ አረፋ እንዲያዘጋጁ አዘዙ። ከኋላቸው ግን ጩኸቱ በረታ። «ምን ትጠብቃለህ? ሰውየው እየጠራ ነው እኮ!» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ ያን ቃል ወረወረው፤ «ሦስተኛው ቆመ! ዛሬም ቆመ!» ኢዛክ ይህን ሲሰማ ጭምብሉንም ሳያጠልቅ ቁልቁለቱን ሮጠ።

የሃምሳ ዓመቱ ሰው እንዴት እንደ ደረሱበት ማንም አያውቅም። በአንድ እጃቸው አንገትጌውን ጨምድደው ያዙት፤ ወንድማቸው በሞቱበት ቀን የእርሳቸው አንገትጌ እንደ ተያዘው ማለት ነው።

«ልቀቀኝ! አትነካኝ! አንተ ፈሪ!»

«ስደበኝ፣ ስደበኝ ብቻ አትራመድ። ይቺን እያት።»

በሌላው እጃቸው የያዙትን መጥረጊያ ወደ ፊት፣ ባዶ ወደሚመስለው፣ ፀሐይ ወዳረፈበት አረንጓዴ ሣር ዘረጉት። ገለባው ጠቆረ፣ ተጨማደደ፣ ከዚያም ከምንም ነገር ቢጫ ነበልባል ይዞ ቦግ አለ። በእኛና በቦቴው መካከል ያለው ሣር በሙሉ እየነደደ ነበር፤ ነፋሱ ወላፈኑን ከእኛ ወዲያ ስለሚገፋው የተሰማው ሰው አልነበረም። ኢዛክ የሚቀጥለው እርምጃው ሊያርፍ የነበረበትን ቦታ እያየ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ እንደ ልምምዱ ሆነ፤ ነፋሱን ከጀርባቸው አድርገው አረፋውን ከላይ ወደ ታች እያለበሱ፣ የቦቴው ሆድ እንዳይግል ውኃ እያርከፈከፉ፣ በአረፋው ውስጥ መንገድ ከፈቱ። አቶ ክራይንም ግማሹ የተቃጠለውን መጥረጊያ ለኢዛክ ሰጥተው፣ ጭምብሉን በገዛ እጃቸው አጥብቀው ካሰሩለት በኋላ «አሁን ሂድ፤ ገለባውን አስቀድም» አሉት። ኢዛክም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ገለባውን አስቀድሞ ሄደ፤ አቶ ሊቨንም እግራቸው ተሰብሮ፣ በአፋቸው ሙሉ ስድብ ይዘው በሕይወት ወጡ። «እስካሁን ምን ስትጋግሩ ነበር?» ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው።

ያ ፈሳሽ በቆዳም ስለሚገባ፣ አቶ ክራይን ወደ መስኩ የወረደውን ሰው ሁሉ፣ ራሳቸውንም ጨምሮ፣ በዚያ ብርድ ከግድቡ ጫፍ ላይ ልብሱን አስወልቀው በውኃ አሳጠቡት፤ የመንደሩ ሴቶችም ወደዚያ ላለማየት የገቡትን ቃል አንዳቸውም አልጠበቁም። ኢዛክ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «አጎቴ… ያኔ ባስቲያን ባይዙህ ኖሮስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሳይክል የሚያስተምርህ ይጠፋ ነበራ» አሉት፤ ከዚያም ራሱን በፎጣ ያደርቁለት ጀመር።

በማግስቱ ወይዘሮ ፒተርኔላ ልጃቸውን አስጠሩ። አቶ ክራይን ወደ እናታቸው ማድ ቤት ሲገቡ፣ ከማሪኑስ ሞት ወዲህ በዚያ ቤት ያልተሸተተ የቀረፋ ሽታ ተቀበላቸው። እናታቸው ያን ጊዜ በሽምግልና ጎብጠው፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ነበሩ፤ ከምድጃው አጠገብ ዞር ብለው፣ ያንኑ የቀድሞውን ጥያቄ፣ በዚያው ድምፅ፣ «የት ነበርክ?» አሏቸው።

አቶ ክራይን «ከኢዛክ ፊት ቆሜ ነበር፣ እማዬ» አሉ።

«ደግ አደረግክ» አሉ ወይዘሮ ፒተርኔላ። «በል ተቀመጥ። ብላ።»

አቶ ክራይን ትኩሱን ቦሉስ እያለቀሱ በሉ፤ እኅታቸው ከበሩ ላይ ቆማ ነበርና ምስክር ናት፤ ለእርሷም ሁለት ተርፏታል። ከዚያን ቀን ወዲያ «ሦስተኛው» የሚለው ስም አልቀረም፤ እንዲያውም ሰዉ ይበልጥ ይጠራቸው ጀመር፣ የሚጠራበት ድምፅ ግን ተለወጠ።

አቶ ክራይን ዕድሜያቸው ለጡረታ ሲደርስ የአለቅነቱን ቦታ ለኢዛክ አስረክበው፣ በባለቤታቸው የአትክልት ቦታ ቃሪያና ሽንኩርት ሲኮተኩቱ፣ የልጅ ልጆቻቸውን በረዶ በዘንግ እየመቱ ማዳመጥ ሲያስተምሩ፣ በመንደሩ ስብሰባም ያልተጠየቁትን ምክር ሲሰጡ ቆዩ። ባለፈው መከር ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ዋሉ። ሐኪሞቹ የሚቻለውን ሁሉ ቢያደርጉም፣ እርሳቸው ግን ነገሩን እንደ ፈሰሰ ፈሳሽ ከሩቅ አንብበው አውቀውት ነበርና፣ በገዛ ቤታቸው፣ መስኮቱ ባሕሩን በሚያይበት ክፍል መሆንን መረጡ። በየማለዳው ለሚጠይቃቸው ሁሉ የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይኸውም ነፋሱ ከየት እንደሆነ ነው። በመጨረሻዋም ዕለት ወይዘሮ ሉንቸ እጃቸውን ይዘው፣ እኅታቸው በመስኮቱ በኩል ሆና ሳለ፣ ዓይናቸውን ገልጠው «ነፋሱ ከየት ነው?» አሉ። እኅታቸው «ከባሕሩ ነው» አለቻቸው።

«እኛስ?»

«ከነፋሱ ወገን ነን፣ ክራይን። ከጀርባህ ነው።»

«እንግዲያው ደህና ነው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ለአቶ ክራይን ሚንደርሃውድ የሚያዝኑላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሉንቸ፣ ልጆቻቸው ዲናና ያና፣ አማቾቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እኅታቸው ኔልቸ፣ እንዲሁም ዛሬ ከሣጥኑ ላይ የራስ ቁር በማስቀመጥ ፈንታ ግማሹ የተቃጠለውን መጥረጊያ ያስቀመጠው የወንድማቸው ልጅ ኢዛክ ናቸው። አቶ ሊቨንም ከሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ በየዓመቱ በዚያች ቀን አንድ ሣጥን የቤልጅግ ቢራ ይዘው መምጣታቸውን አላቋረጡም፣ ስድባቸውንም እንደዚሁ።

ፓስተራችን የሞተ ሰው የእኛ ጸሎት እንደማያስፈልገው ሁልጊዜ ያስተምሩናል፤ ይቅር ይበሉን፣ ዛሬ እንጸልያለን። ወንድሞችን ከጥልቅ የሚያወጣ አምላክ የክራይንን ነፍስ ዝቅታ በሌለበት፣ መልካም ነፋስ በሚነፍስበት ከፍታ ላይ ከማሪኑስ ነፍስ ጋር ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ሉንቸና ለልጆቻቸውም መጽናናትን ያብዛ። አሜን።

ንባቡ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ ነገር ግን ትተዋቸው ካለፉት ሰዎች መካከል ስማቸው ያልተጠራ አሉ። በሟች አለቅነት ዘመን ሁሉ፣ በእርሳቸው ትእዛዝ ወደ እሳትና ወደ መርዝ ወጥቶ ያልተመለሰ አንድ ሰው የለም። አንድም አልቀበሩም። እናንተ በትእዛዛቸው ወጥታችሁ በእግራችሁ ወደ ቤታችሁ የገባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ተነሡ። ኢዛክ፣ አንተም ተነሥ።

አዎ። እንዲሁ ቁሙ።

እማዬ፣ ከማሪኑስ አጠገብ ካረፍሽበት ትሰሚኝ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ አንቺም ጠየቅሽ፣ እኔም ከበሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ክራይን የት ነበረ ብለሽ ነበር። እነሆ፣ በእነዚህ ሁሉ ፊት ቆሞ ነበር።